ንጉሡ ሠ በድረ ገጽ ላይ



በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ከኦሎምፒክ ጎዳና እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ ባለው የፌርፋክስ ጎዳና፣ የከተማው ምክር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሰፈራችን፣ ቡና ከሚፈላበት ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ አባት ቀረብ ብለው በመሐረብ የጠቀለሏቸውን ሁለት ፍሎፒ ዲስኮች ከፊቴ አኖሩና፣ «ልጄ፣ የራስህ ድረ ገጽ አለህ ሲሉ ሰማሁ፤ እስቲ ይህን ሰው እንዲያነበው አድርግልኝ» አሉኝ። በዲስኮቹ ላይ የነበረው፣ በጎጃም የቅኔ መምህር ስለ ነበሩት ወላጅ አባታቸው፣ እርሳቸው ገና ወደዚህ አገር እንደ መጡ በኮምፒውተር የጻፉት ዜና ሕይወት ነው። በወረቀት የታተመ ቅጂ የለውም።

ፍሎፒ የሚያነብ መሣሪያ ገዝቼ ማታ ቤቴ ሆኜ ፋይሉን ስከፍተው፣ የጠበቅሁት የግዕዝ ፊደል ቀርቶ የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና ሠረዝ እርስ በርሱ የተደበላለቀበት ጽሑፍ ታየኝ፤ ከዚያ ሁሉ ዝብርቅርቅ መካከል ትርጉም የሚሰጠው በየገጹ ግርጌ የተቀመጠው ቁጥር ብቻ ነበር።

ይህ መከራ በብዙዎቻችሁ ቤት ባሉ አሮጌ ፋይሎች ላይ የደረሰ ስለ ሆነ ምክንያቱን መግለጽ ይገባኛል። ኮምፒውተር ፊደልን በመልኩ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ፊደል የሚመደበው አንድ ባይት የሚይዘው 256 ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ የእኛ ፊደል ከሰባቱ ሆሄያቱ፣ ከዲቃሎቹ፣ ከአኃዙና ከነጥቦቹ ጋር ከዚያ ስለሚያልፍ፣ ፎንት ሠሪዎቹ በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ የግዕዙን ሥዕል እያስቀመጡ፣ አንዱም ከሌላው ጋር ሳይስማማ፣ ለየራሳቸው ሥርዓት አበጁ። ፎንቱ ሲጠፋ ሥዕሉ ይነሣል፣ ከሥሩ ያለው ላቲን ይቀራል። ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ በ1999 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ፊደል ባካተተ ጊዜ ግን ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ የሆነ፣ ማንም የማይጋራው ቁጥር ተሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሀ በጎንደርም በፌርፋክስም 4608 ነው። እኔም ያረጀውን ፎንት ከአንድ ወዳጄ አግኝቼ፣ እያንዳንዱ ምልክት የትኛውን ሆሄ እንደሚወክል በሠንጠረዥ እየመዘገብሁ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ስለውጥ ከረምሁ።

አንዳንድ ወዳጆቼ «በፌስቡክ ለጥፈኸው አትገላገልም?» ብለውኛል። ለዚህ መልሴ ከዚሁ ከከተማችን የሚገኝ ታሪክ ነው። ጂኦሲቲስ የተባለው፣ ሰው ሁሉ ገጹን በነጻ የሚሠራበት ድርጅት፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በዚሁ በሎስ አንጀለስ አካባቢ «ቤቨርሊ ሂልስ ኢንተርኔት» ተብሎ ተጀመረ፤ ገጾቹንም እንደ ከተማ በሰፈር በሰፈር ከፍሎ ያድል ነበር። በ1999 ያሁ ገዛው፤ በጥቅምት 2009 ደግሞ በአሜሪካ ዘጋው፤ ከሚሊዮኖቹ ገጾች የተረፉትም በጎ ፈቃደኞችና የኢንተርኔት አርካይቭ ቀድመው የገለበጧቸው ናቸው። በሰው መሬት ላይ የተሠራ ጎጆ ባለመሬቱ ባሰኘው ቀን ይነሣልና፣ የአንድን የቅኔ መምህር ዜና ሕይወት በዚያ ላኖር ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

የራስ ድረ ገጽ ግን ጠባቂ ይሻል። መጀመሪያ ስም ያስፈልገዋል፤ ኮምፒውተሮችን በቁጥር ፈንታ በስም የምንጠራበት ሥርዓትም የተፈለሰፈው ከፌርፋክስ ወደ ባሕሩ ወረድ ሲሉ በሚገኘው በማሪና ዴል ሬይ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም፣ በፖል ሞካፔትሪስ እጅ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. መሆኑን ሳስብ ሰፈራችን ለዚህ ነገር ባዕድ እንዳልሆነ ይሰማኛል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው፣ አንባቢው ሌላ ሰው ጣልቃ ሳይገባበት ከገጹ ጋር መገናኘቱን የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬት ነው። ስለ ሰርተፍኬቱ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ፦ የብራውዘር ሠሪዎችና የሰርተፍኬት ሰጪዎች ጉባኤ በኤፕሪል 2025 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት፣ 398 ቀን የነበረው የሰርተፍኬት ከፍተኛ ዕድሜ ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ 200፣ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። ዕድሜው ሲያጥር የተሰረቀ ቁልፍ የሚያደርሰው ጥፋትም አብሮ ያጥራልና ውሳኔውን በበጎ እቀበለዋለሁ፤ በእጃችሁ የምታድሱ ግን ከአሁኑ ሰርቨራችሁ ራሱ እንዲያድስ አድርጉ። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ተቋም ሰርተፍኬቱን ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ወደ አባታችን ጽሑፍ ልመለስ። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ሲሰጥ ሞክሼዎቹንም ለይቷቸዋል፤ ሠ 4640፣ ሰ 4656፤ አ 4768፣ ዐ 4816 ነው። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ለኮምፒውተሩ ሁለት ስለ ሆኑ፣ «ዓለም» ተብሎ የተጻፈውን ገጽ «አለም» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ ሊያጣው ይችላል። እኔም ይህን ፈርቼ፣ ፈላጊ ሁሉ በቀላሉ እንዲያገኘው በማለት፣ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ሞክሼዎች በሙሉ ወደ አንድ አጠቃልያቸው ነበር።

ገጹን በስልኬ ባሳየኋቸው ቀን መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ብዙ አነበቡ። ደስታቸውን ስጠባበቅ ጣታቸው በአንድ ቃል ላይ ቆመ። «ንጉሥ በእሳቱ ሰ ተጻፈ?» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴ ይህን ቢያይ በንጉሡ ሠ መቶ ጊዜ ያስጽፈኝ ነበር። ኃይልንም በሃሌታው ሀ አድርገኸዋል፤ እርሱ በብዙኃኑ ኀ ነው።» የሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ ክርክር የቆየ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ያሰብሁት፣ አንድ መምህር ለልጁ ያወረሰውን ጥንቃቄ እኔ ለፍለጋ ምቾት ብዬ እንደ ፋቅሁት ነው።

በዚያው ሌሊት የጽሑፉን ፊደል ሁሉ ወደ ነበረበት መለስሁ። ማቀራረቡን ከጽሑፉ አንሥቼ ወደ ፍለጋው አዛወርሁት፦ አንባቢ አንድ ቃል ሲጽፍ ኮምፒውተሩ የቃሉንም የገጹንም ሞክሼዎች በውስጡ ብቻ አንድ አድርጎ ያነጻጽራል፤ ለዐይን የሚታየው ግን ጸሐፊው እንደ ጻፈው ይቆያል። ትእዛዙ ከዐሥር መስመር አይበልጥም፤ ለድረ ገጻችሁ የምትፈልጉት በዚሁ ጠይቁኝ፣ እሰጣለሁ።

በማግሥቱ እዚያው ቡና ቤት «አለም» ብዬ በስልኬ ጽፌ የአባታቸው ገጽ «ዓለም» ከሚለው ቃል ጋር ሲወጣ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ሁለተኛው ዲስክስ?» አሉኝ።