ሲሊንደሩ ውስጥ ድንጋይ አለ!

የመኪና ላሜራ የሚበየድበት ጋራዥ ጎራ ብላችሁ ካወቃችሁ፣ ግድግዳ ጥግ የቆሙትን ሁለት የብረት ሲሊንደሮች አይታችኋል። አንዱ ኦክስጅን ነው፤ ሌላው አሴቲሊን። ሁለቱ ጋዞች ተገናኝተው ሲነዱ ነበልባሉ ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ብረት ያቀልጣል። በያጆች ስለ እነዚህ ሲሊንደሮች ክልከላቸው ብዙ ነው። አታጋድመው! ዘይት አታስነካው! በሰንሰለት እሰረው! ደስ የሚለው ግን አንዱንም መሸምደድ አያስፈልግም። ውስጣቸው ምን እንዳለ ካወቃችሁ ሕጉ ራሱ ይመጣላችኋል። ቆይ፣ ከቀላሉ ልጀምርላችሁ።

የኦክስጅኑ ውስጥ ጋዝ ብቻ ነው። ግን ስንት ጋዝ! የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው 2 ባር ገደማ ነው አይደል? የኦክስጅን ሲሊንደር 150 ባር ይሞላል፤ ከዚያ በላይ የሚሞላም አለ። 40 ሊትር በሚይዝ ብረት ውስጥ 6,000 ሊትር ገደማ ጋዝ ታምቋል ማለት ነው። እስቲ አስቡት! ይህን ሁሉ አፍኖ የያዘው አናቱ ላይ ያለው አንድ ቫልቭ ነው። ሲሊንደሩ ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር ጋዙ በኃይል ሲወጣ ያንን ሁሉ ብረት ያስወነጭፈዋል፤ ግድግዳ ሊያፈርስ ይችላል። ሰንሰለቱ ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ ነው። ቫልቩን የሚሸፍነው ክዳን ደግሞ ሲሊንደሩ ቢወድቅም ቫልቩ እንዳይሰበር።

ዘይቱስ? ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ሌላውን ያነዳል። እንዲህ የታመቀ ንጹሕ ኦክስጅን ዘይት ወይም ግራሶ ካገኘ፣ ክብሪት ሳይጫር እሳት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ቫልቩ ቢጠብቅ ዘይት ጠብ አይደረግበትም፤ ግራሶ በነካ እጅም አይከፈትም።

አሁን ወደ ጉዱ ልውሰዳችሁ። አሴቲሊን ቁጡ ጋዝ ነው። ብቻውን ታምቆ ግፊቱ ከ1 ባር ብዙ ካለፈ፣ ስለተመታ ወይም ስለሞቀ ብቻ ወደ ካርቦንና ሃይድሮጅን ተበታትኖ ሊፈነዳ ይችላል። አየር እንኳ አያስፈልገውም! ታዲያ እንዴት ነው 15 ባር ገደማ ተሞልቶ የሚሸጠው?

በ1896 ፈረንሳይ ውስጥ ጆርጅ ክሎድና አልበርት ሄስ አንድ ዘዴ አገኙ፤ አሴቲሊንን አሴቶን ውስጥ ማሟሟት። አሴቶን ያው የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት ፈሳሽ ነው። አንድ ሊትር አሴቶን በ12 ባር ግፊት 300 ሊትር ገደማ አሴቲሊን ይውጣል! የሟሟ አሴቲሊን ደግሞ ቁጣው ይበርዳል። አንድ ችግር ግን ቀረ። ከፈሳሹ በላይ ባዶ ቦታ ካለ ጋዙ እዚያ ተጠራቅሞ ቁጣው ይመለሳል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከታች እስከ አናቱ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ድንጋይ መሰል ነገር ይሞላል።

እንጀራ ፍርፍር አስቡ። ወጡን የእንጀራው ዓይን መጥጦታል፤ ሳህኑን ብታዘነብሉትም ወዲያው አይፈስም። ድንጋዩ እንጀራው ነው፤ አሴቶኑ ወጡ፤ አሴቲሊኑ ወጡ ውስጥ የሟሟው ጨው። በቃ! ያ ከውጭ ባዶ ብረት የሚመስለው ነገር ውስጡ ጢም ብሏል። ቀዳዳዎቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑም አንዱ ጋ የተነሳ መበታተን ወደ ሌላው መዛመት ይቸግረዋል።

ይህን ድንጋይ መሰል መሙያ ካሻሻሉት አንዱ ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳለን ነው። በ1912 ሲሊንደር ሲፈትሽ በደረሰ ፍንዳታ ዓይኑ ጠፋ። በዚያው ዓመት፣ በጋዝ ለሚበሩ የባሕር ማማ መብራቶች በፈጠረው መቆጣጠሪያ የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ፤ ሽልማቱን የተቀበለለት ወንድሙ ነው።

እንግዲህ ሕጎቹ እንዴት እንደሚገቡ ተመልከቱ። አሴቲሊን ለምን አይጋደምም? ተጋድሞ ቢከፈት አሴቶኑ ከጋዙ ጋር ይወጣላ! ተጋድሞ የመጣ ካለም አቁሞ፣ አሴቶኑ እስኪሰክን ለሰዓታት መጠበቅ ነው። ጋዙ ወደ መበየጃው ቶርች ሲሄድ ግፊቱን በሚያሳየው ጌጅ ላይ ቀይ መስመር ለምን ተሰመረ? ከድንጋዩ የወጣው ጋዝ እንደገና ቁጡ ስለሆነ፣ ግፊቱ ከዚያ እንዳያልፍ ነው። ጋዝ ማፍሰሱ የሚፈተሸውም በሳሙና ውኃ አረፋ እንጂ በክብሪት አይደለም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማከማቸትስ? አንዱ ነዳጅ፣ ሌላው አንዳጅ! የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ በመጋዘን ውስጥ 6 ሜትር ያህል ያራርቃቸዋል፤ ያ ካልተቻለ መካከላቸው እሳት የሚቋቋም ግድግዳ ይጠይቃል።

አንዱን ግን አደራ። የአሴቲሊን ሲሊንደር እሳት ሳይነካው በራሱ መሞቅ ከጀመረ፣ ወይም ከቃጠሎ ከተረፈ፣ ውስጡ መበታተኑ ቀስ እያለ ቀጥሎ ከሰዓታት በኋላም ሊፈነዳ ይችላል። አታንቀሳቅሱት፤ ሰዉን አርቁና እሳት አደጋ ጥሩ።

በሉ ልፈትናችሁ። ጋዙ ያለቀ የአሴቲሊን ሲሊንደር ባዶ ነው? አይደለም! ድንጋዩ አለ፤ አሴቶኑ አለ፤ ትንሽ ጋዝም ይቀራል። ስለዚህ ቫልቩ ተዘግቶ፣ ክዳኑ ተደፍቶ፣ እንደ ሙሉው ቆሞ ይታሰራል፤ ላዩ ላይ በጠመኔ «ባዶ» ተብሎ ቢጻፍበትም!