«ልምጥ» እና «ተጣጣፊ»፦ ስለ አንድ የመካኒክ ስያሜ

ሁለት ፅንሰ ሐሳቦች በአንድ ቃል ሲጠሩ አንባቢው የሚስተው ቃሉን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ነው። በምህንድስና «ኮምፕሊያንት መካኒዝም» ለሚባለው አቻ ሲፈለግ የሚያጋጥመው ችግር ይህ ነው። ቃሉ በቀጥታ ሲመለስ «ታዛዥ» ይሆናል፤ ይህም ለሰው ጠባይ እንጂ ለብረት አይስማማም። «ተጣጣፊ» ደግሞ ለጆሮ ቢቀርብም የባሰ ያሳስታል።

ልዩነቱን ሁለት የታወቁ መሣሪያዎች ያስረዳሉ። ከወልድያ በስተደቡብ፣ በመርሳ ዙሪያ ባለው የሀብሩ ቆላ፣ የግራር እሾህ የወጋው መንገደኛ እሾሁን የሚያወጣው በወረንጦ ነው። ወረንጦ ከአንድ ብረት ታጥፎ ይሠራል፤ ክንዶቹ ሲጨበጡ ይገናኛሉ፣ ሲለቀቁ ይመለሳሉ። እንቅስቃሴው የሚገኘው ከብረቱ መጉበጥ እንጂ ከመጋጠሚያ አይደለም። የቀጥቃጭ ጉጠት ግን በችንካር የተያያዙ ሁለት ግትር ክንዶች ናቸው። «ተጣጣፊ ወንበር» የምንለውም ግትር አካላቱ በማጠፊያ ስለሚገናኙ ከጉጠት ወገን ነው። እንግዲህ ወረንጦን «ተጣጣፊ» ብንለው ትርጉሙ ተገልብጦ ይቀራል። በዚህ ምክንያት «ልምጥ» የተሻለ ሆኖ ይታያል።

ስያሜው በነደፋም ላይ ለውጥ ያመጣል። («ነደፈ» ጥጥ በደጋን ለሚያፍታታውም፣ ዕቅድ ለሚያወጣውም ይነገራል፤ ደጋኑም ራሱ ልምጥ ነው።) መጋጠሚያ ያለው መሣሪያ ሰበቃ ስላለበት ዘይት ይፈልጋል፤ ችንካሩም ይላላል። ልምጥ አካል ከዚህ ነፃ ነው፤ የሚያሰጋው በተደጋጋሚ መጉበጥ የሚመጣ ድካምና ስብራት ነው። የአንድ ጠፍጣፋ ልምጥ ውፍረት እጥፍ ቢሆን፣ ርዝመቱና ስፋቱ ሳይለወጥ፣ ለመጉበጥ ያለው ግትርነት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ነዳፊው ከመሥራቱ በፊት በስሌት መመርመር ይገባዋል።

ይህ ምርመራ «ሲሙሌሽን» ይባላል። «ማስመሰል» በዕለት ንግግር የግብዝነት ስሜት ስላለው «ምስለ አሠራር» ይመረጣል። ላሪ ሃውልና አሾክ ሚድሃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስፋፉት ስልት አንድ ጫፉ ተተክሎ ሌላው ጫፉ የሚገፋን ልምጥ በሁለት ግትር ክንዶች፣ በአንድ መጋጠሚያና በአንድ ሞላ ይተካዋል፤ የመጋጠሚያው ቦታ ከነፃው ጫፍ በርዝመቱ 0.85 ገደማ ርቀት ላይ ነው። በሌላ አነጋገር ወረንጦው በወረቀት ላይ በጉጠት አምሳል ይታሰባል። ሁለቱም «ተጣጣፊ» ከተባሉ ግን ዐረፍተ ነገሩ «ተጣጣፊው በተጣጣፊ ይተካል» ይሆንና ለተማሪው ምንም ሳይነግረው ያልፋል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል፦

ልምጥ መካኒዝም፦ እንቅስቃሴውን በሙሉ ወይም በከፊል ከአካሉ መጉበጥ የሚያገኝ።
ተጣጣፊ፦ ግትር አካላቱ በማጠፊያ ተያይዘው የሚታጠፉና የሚዘረጉ።
ምስለ አሠራር፦ የአንድን መሣሪያ ጠባይ ከመሥራቱ በፊት በስሌት አምሳያ መመርመር።