የሲዲና የዲቪዲ ማባዣና ማተሚያ ዘዴዎች፤ ከቤርሸባ ታሃና መርካዚት አንጻር

የቤርሸባው ታሃና መርካዚት፣ ማለትም ማዕከላዊው የአውቶቡስ ጣቢያ፣ ከኔቲቮት፣ ከኦፋቂም፣ ከዲሞናና ከሌሎች የኔጌቭ ከተሞች የሚመጡ መስመሮች የሚገናኙበት፣ ከካንዮን ሃኔጌቭ የገበያ ማዕከልና ከባቡር ጣቢያው ጋር የተጎራበተ፣ ከከተማው ሹክም (ገበያው) እምብዛም ያልራቀ ስፍራ ነው። በቤርሸባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ከ1984 እስከ 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 በተካሄደው የሰሎሞን ዘመቻና ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በመሆኑም በአማርኛ የተቀረጸ ድምፅ ወይም ምስል በዚህ አካባቢ ለማሰራጨት የሚያስብ ሰው አድማጩ በብዙ ትንንሽ ከተሞች የተበተነ፣ ቁጥሩም የተወሰነ መሆኑን ከመነሻው ማስላት ይኖርበታል። የዲስክ ማባዣ ዘዴን ከማናቸውም የቴክኒክ ጉዳይ በፊት የሚወስነው ይኸው የቅጂ ቁጥር ሲሆን፣ ሁለተኛው ወሳኝ ጉዳይ ቅጂው ስንት ዓመት እንዲቆይ የሚፈለግ መሆኑ ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ፣ የዘፋኝ አልበምና የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ቄሶች የጸሎት ዜማ በዚህ ረገድ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ አይደለም።

ሲዲ ፊሊፕስና ሶኒ በጋራ አበልጽገው በ1982 ለገበያ ያቀረቡት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዲስክ ሲሆን፣ አብዛኛው አካሉ ፖሊካርቦኔት የሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። መረጃው በፕላስቲኩ ላይኛው ገጽ እንደ ጥቃቅን ጉድጓዶች ተቀርጾ በስስ አሉሚኒየም ይሸፈናል፤ በአሉሚኒየሙ ላይ መከላከያ ቫርኒሽ፣ በቫርኒሹ ላይ ደግሞ የርዕሱ ኅትመት ያርፋል። ሌዘሩ የሚያነበው ከታች፣ ፕላስቲኩን አልፎ በመሆኑ የሲዲ ደካማ ጎን ብዙ ሰው እንደሚገምተው የሚያብረቀርቀው ታችኛው ገጽ ሳይሆን ጽሑፍ ያለበት ላይኛው ነው፤ የታችኛው ጭረት በመወልወል ሊስተካከል ሲችል፣ ላይኛው ከተላጠ ግን መረጃው አብሮ ይሄዳል። ዲቪዲ በአንጻሩ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ስስ ዲስኮች ተጣብቀው የሚሠራ ስለሆነ መረጃው መሃል ላይ ተጠብቆ ይቀመጣል። ኅትመት የዲስኩ አካል እንጂ ጌጥ ብቻ አለመሆኑም ከዚህ ይታያል።

የመጀመሪያው የማባዣ ዘዴ የፋብሪካ ምርት ነው። ብርሃን የሚሰማው ስስ ሽፋን በተቀባ መስታወት ላይ መረጃው በሌዘር ይጻፋል፤ ከመስታወቱም በኤሌክትሪክ ኃይል የኒኬል ቅርጽ ይወሰድና ቀልጦ በሚረጭ ፖሊካርቦኔት ላይ ማኅተም ሆኖ ያገለግላል። ከዚህ በኋላ አንዱን ዲስክ ለማውጣት የሚበቃው ጥቂት ሰከንድ ነው። ወጪው በሙሉ ማለት ይቻላል በመስታወቱና በኒኬሉ ዝግጅት ላይ ስለሚወድቅ ፋብሪካዎች በተለምዶ ከ500 ወይም ከ1000 ቅጂ በታች ትእዛዝ አይቀበሉም፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን የአንዱ ዲስክ ዋጋ በፍጥነት ይወርዳል። ለአማርኛ ሙዚቃ ይህ ገደብ ከሲዲ በፊትም የነበረ ነው፤ አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሲመሠርት ሸክላዎቹ የሚታተሙት በውጭ አገር ነበር፤ ሻጩም ስንት እንደሚሸጥ ሳያውቅ ብዛቱን አስቀድሞ መቁረጥ ነበረበት። ካሴት ይህን ቀንበር ያነሳው ማንኛውም ሙዚቃ ቤት እንደ ገበያው ፍላጎት በሁለት ቴፕ እየቀዳ ሊሸጥ በመቻሉ ነው፤ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው የቅጂ ዝርፊያም ሰፊ በር ያገኘው በዚያው ነበር።

ሁለተኛው ዘዴ በተለምዶ «በርን ማድረግ» የሚባለው ነው። ባዶው ሲዲ ጉድጓድ የለውም፤ በምትኩ ሌዘር ሲመታው መልኩን የሚለውጥ የኦርጋኒክ ማቅለሚያ ተቀብቷል። ሳያኒን የሚባለው ማቅለሚያ ለብርሃን ስስ ሲሆን፣ ፍታሎሳያኒንና አዞ ግን የተሻለ ይቋቋማሉ። የሲዲ መነሻ ፍጥነት በሰከንድ 150 ኪሎ ባይት ስለሆነ የ80 ደቂቃ ዲስክ በአሥራ ስድስት እጥፍ ፍጥነት በአምስት ደቂቃ ያህል ይጻፋል። አሥር መጻፊያ ድራይቭ የተደራረበበት ማባዣ ማሽንም መቶ የሠርግ ዲቪዲ በአንድ ከሰዓት ሊጨርስ ይችላል፤ የቤርሸባ የቪዲዮ ባለሙያ ደንበኛ በአብዛኛው ከዚህ የሚበልጥ ስለማይጠይቅ ፋብሪካ ፍለጋ መሄዱ ለእርሱ ትርፍ የለውም። ፍጥነትን እስከ ጣሪያው መግፋት ግን በርካሽ ዲስክ ላይ ስሕተትን ያበዛል፤ ማሽኑ የጻፈውን መልሶ አንብቦ እንዲያመሳክር መተውም ጊዜ ቢወስድም የሚያስቆጭ አይደለም። የሙዚቃ ዲስክ ትራክ በትራክ ሲጻፍ በዘፈኖች መካከል የሁለት ሰከንድ ክፍተት ስለሚገባ፣ በተለይ ሳይቋረጥ ለሚፈስ ዜማ፣ ዲስኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ተጽፎ መዘጋት አለበት፤ ያልተዘጋ ዲስክን ብዙ የቤት ማጫወቻዎች አያነቡትም።

ገዢ ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልገውም። የፋብሪካው ዲስክ ታችኛው ገጽ እንደ ብር ነጭ ሲሆን፣ በርን የተደረገው በማቅለሚያው ምክንያት አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ያደላል። ኦሪጅናል ተብሎ በሽፋን የሚሸጥ፣ ነገር ግን ታችኛው ገጹ ሰማያዊ የሆነ የአዲስ አበባ አልበም ሁልጊዜ የተሰረቀ ነው ማለት ባይቻልም ጥያቄ ይገባዋል። ሌላው ልዩነት በሙቀት ጊዜ ይታያል፤ በኔጌቭ በጋ በተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እየመታው የሚሰነብት፣ ማቅለሚያ ያለው ዲስክ ከፋብሪካው ቀድሞ ይበላሻል፤ የፋብሪካው ዲስክም ቢሆን ሊጣመም ይችላል።

ቅጂው ወደየት እንደሚሄድም መታሰብ አለበት። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ክሊፕና ፊልም በብዛት ይሸጥ የነበረው በቪሲዲ ነበር፤ ቪሲዲ በተራ ሲዲ ላይ 74 ደቂቃ ያህል ምስል ስለሚይዝ አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ ይወጣ ነበር፤ የክልል ገደብም አልነበረበትም። ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ቢይዝም ዓለምን በክልል ኮድ ይከፍላል፤ እስራኤል በ2ኛው፣ ኢትዮጵያ በ5ኛው፣ አሜሪካ በ1ኛው ክልል ትገኛለች። የእስራኤልና የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይሠራ የነበረው ፓል በሚባለው ሥርዓት ሲሆን የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ነበር። በቤርሸባ ተዘጋጅቶ ለዋሺንግተን ዘመድ የሚላክ ዲስክ እንግዲህ ያለ ክልል ኮድ መጻፍ፣ የምስሉ ሥርዓትም አስቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል።

ከዲስክ ገጽ ኅትመት ዘዴዎች ረጅም ታሪክ ያለው የስክሪን ኅትመት ነው። እያንዳንዱ ቀለም በጥሩ ወንፊት በኩል ስለሚታተም ደማቅና ጠንካራ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱም የተለየ ወንፊት ስለሚዘጋጅ በትንሽ ቁጥር አያዋጣም። ለግዕዝ ፊደል የሚያስከትለው ችግርም አለ፤ እንደ ጧ እና ኟ ያሉ ፊደላት በትንሽ መጠን ሲታተሙ ክፍተታቸው በቀለም ይደፈናል፤ ስለዚህ ደማቅ ርዕስ ሲያምርበት የዘፈን ዝርዝር ግን አይነበብም። ኦፍሴት የዘፋኙን ፎቶግራፍ በትክክል ያወጣል፤ ነጭ መደብ ካልተቀባበት ግን የብሩ ገጽ ከሥር ጥላ ይጥልበታል። ለጥቂት ዲስክ የሚመከረው ኢንክጄት ማተሚያ ነው፤ ባዶ ዲስኩ ግን ላይኛው ገጹ ነጭና ቀለም የሚጠጣ መሆን አለበት፤ ተራው ኢንክጄት እርጥብ እጅ ሲነካው ይደበዝዛል። በሙቀት ሪባን የሚያትመው ማሽን ውሃ አይፈራም፤ ለጥቁር ጽሑፍም የሚበልጠው የለም።

በቤት አታሚ ተዘጋጅቶ የሚለጠፈው ክብ ወረቀት ከሁሉም የከፋ ነው። ትንሽ ዘንበል ብሎ ከተለጠፈ ዲስኩን በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ያናውጠዋል፤ ሙጫው ሲደርቅ ይላጣል፤ በሲዲ ላይ ደግሞ መረጃው ያለበትን ሽፋን ይዞ ሊነሳ ይችላል። ዲስኩን ገልብጦ በራሱ ሌዘር ርዕስ የሚስለው፣ ኤችፒ በ2004 ያስተዋወቀው ላይትስክራይብ ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ አንድ ቀለም ብቻ የሚያወጣ፣ ቀስ ያለና ከጊዜ ጋር የሚደበዝዝ በመሆኑ ግን አልዘለቀም።

በቤርሸባ የሚዘጋጅ ዲስክ ላይ ብዙውን ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው ግዕዝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደው ዕብራይስጥና ላቲን በአንድ ክብ ውስጥ ይገናኛሉ። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ቅርጸ ፊደላት በላቲን ኮዶች ላይ የተጫኑ በመሆናቸው ፋይሉ ፊደሉ በሌለበት ማተሚያ ቤት ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ጽሑፉን ከመላክ በፊት ወደ ቅርጽ መለወጥ፣ ማለትም ፊደሉን ወደማይታረም ሥዕል መቀየር፣ ልማድ ሊሆን ይገባል፤ የዲስክን ርዕስ ከሚያበላሹት ስሕተቶች አንዱ የሚመነጨው ከዚህ ነውና።

የባለመብቱ ፈቃድ ጉዳይም የዘዴው ምርጫ አካል ነው፤ ፋብሪካ ሲጠይቅ መጻፊያ ማሽን አይጠይቅም። በእስራኤል የ2007ቱ የቅጂ መብት ሕግ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በጎርጎርዮሳዊው 2004) የሥራው ባለቤት ሳይፈቅድ ለሽያጭ ማባዛትን ይከለክላሉ፤ በእስራኤል የግጥምና ዜማ ደራሲዎችን መብት አኩም የተባለው ማኅበር ያስተዳድራል።

ዛሬ አልበም በቀጥታ በስልክ ይደመጣል፤ በ2019 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው አውታር የተባለው የሙዚቃ መተግበሪያም ከዚህ አቅጣጫ አንዱ ምልክት ነው። ጥሩ የዲስክ ማቅለሚያ በመሥራት የታወቀው ታይዮ ዩደን የተባለው ኩባንያ በ2015 መጨረሻ ከዲስክ ንግድ ወጥቷል፤ ሶኒም ብሉሬይ የተባለውን ተጻፊ ዲስክ ማምረቱን በየካቲት 2025 አቁሟል። ዲስክ የተሻለ ሆኖ የሚቀረው በማይለወጥና በማይደመሰስ መንገድ መቀመጥ በሚገባው ነገር ላይ ነው፤ ለምሳሌ የቤተ እስራኤል ቄሶች የሚያዜሙት ጸሎት በአብዛኛው በቃል የሚተላለፍ ስለሆነ አንድ ቅጂ ሲጠፋ የሚተካው አይገኝም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የፋብሪካ ዲስክ ወይም በድንጋይ መሰል ሽፋን ላይ የሚጻፈው ኤም ዲስክ ይመረጣል፤ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ከተቀመጠ ሃርድ ዲስክ ቅጂ ጋርም መያያዝ አለበት። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ በርን የተደረጉት የቤተሰብ ሲዲዎችና ዲቪዲዎች ግን ማቅለሚያቸው እያረጀ ስለሆነ፣ በዩኤስቢ በሚገናኝ ውጫዊ ድራይቭ ሳይቆይ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይኖርባቸዋል።