ያውቁ ኖሯል? የመተማና የቋራ ቆላ አንበሶች

መተማ ሲባል ሰሊጡ፣ ጥጡ፣ ዕጣኑ፣ ከሁሉም በላይ አጼ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ጦርነት ይታወሳል። የዚያ ቆላ አንበሳም ሊታወስ ይገባዋል።

ያውቁ ኖሯል? ከመተማ በስተደቡብ፣ በቋራ ወረዳ የሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ እንዳለበት በሳይንስ የተረጋገጠው በ2008 ዓ.ም. ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሃንስ ባወር የመሩት ቡድን በደረቀ ወንዝ ዳር ባጠመዳቸው ካሜራዎች አንበሶቹን ፎቶ አነሳ፤ ዱካቸውንም አገኘ። የአገሬው ሰው ግን ግሳታቸውን ሲሰማ የኖረ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ባወር በሥራ ዘመናቸው የአፍሪካን የአንበሳ ካርታ ደጋግመው አርመዋል፤ እርማቱ ግን አንበሳ የጠፋበትን ቦታ መሰረዝ ብቻ ነበር። አዲስ ቦታ የጨመሩት በአልጣሽ ነው።

ያውቁ ኖሯል? አልጣሽ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ፓርክ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው። ከድንበሩ ማዶ እ.ኤ.አ. በ1935 ከተከለለው የሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። የባወር ቡድን ግምት በሁለቱ ፓርኮች በድምሩ ከ100 እስከ 200፣ በአልጣሽ ብቻ ከ27 እስከ 54 አንበሶች ይኖራሉ የሚል ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በዲንደር በኩል አራዊቱ በበጋ ወንዝ ዳር በቀሩ ኩሬዎችና ረግረጎች ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲጨቀይ ወደ ምሥራቅ፣ ከፍ ወዳለው መሬት ይወጣሉ። አንበሳ ደግሞ ሲሳዩ ካለበት አይርቅም።

ያውቁ ኖሯል? ወንድ ደቦል ከሁለት እስከ አራት ዓመት ሲሞላው ከተወለደበት መንጋ ይወጣል። ብቻውን ግዛት መያዝ ስለሚከብደው አብረውት ካደጉ ወንድሞቹና የአክስቶቹ ልጆች ጋር ጓድ ይመሠርታል። ዘመድ ያጣ ከባዳም ጋር ይጣመራል። ጓዱ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ወንዶች ይኖሩታል።

ያውቁ ኖሯል? የግዛት ስፋት የሚወሰነው በታዳኝ እንስሳት ብዛት ነው። ሲሳይ በሞላበት አገር 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ሊበቃ ይችላል፤ ታዳኝ በሳሳበት ደረቅ ምድር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ወንዶቹ ወሰናቸውን በሽንትና በግሳት ያስከብራሉ። ጸጥ ባለ ሌሊት ግሳቱ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሰማል።

ያውቁ ኖሯል? በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ በድምፅ ማጉያ በተደረገ ሙከራ፣ እንስት አንበሶች የሚያገሱትን እንግዶች ብዛት ከራሳቸው ቁጥር ጋር እንደሚያመዛዝኑ ታይቷል። በቁጥር ሲበልጡ ወደ ድምፁ ይገሰግሳሉ፤ ሲያንሱ ያመነታሉ።

ያውቁ ኖሯል? አሸዋ ላይ ያረፈ ዱካ የማን እንደሆነ ይለያል። አንበሳ ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ ምልክቱ አይታይም፤ የጅብ ጥፍር ግን ፊት ለፊት ተወግቶ ይታያል። የአንበሳ የመሃል መዳፍ በኋላ ጠርዙ ሦስት እብጠት አለው።

ያውቁ ኖሯል? ከጢሙ ሥር ያሉት ጥቋቁር ነጠብጣቦች አደራደር እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንበሳ አንበሳ ይለያያል። ተመራማሪ የግራና የቀኝ ጉንጭ ፎቶ ይዞ አንዱን ከሌላው ይለያል። የጓዱን ጉዞ ሌት ተቀን ለመከተል ደግሞ አንገት ላይ የሚታሰር የሳተላይት መሣሪያ አለ።

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ምደባ አንበሳ በሁለት ንዑስ ዝርያዎች ይከፈላል፦ የሰሜን፣ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ከእስያው ጋር በአንድ ወገን፣ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካው በሌላ ወገን። ሁለቱ የሚገናኙት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ያውቁ ኖሯል? እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 የሰቲትን፣ የአንገረብን፣ የረሃድንና የዲንደርን ወንዞች ሲያስስ በመተማ አልፏል። ስለ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ ያ ምድር ዝሆን፣ አውራሪስና አንበሳ የሞላበት ነበር።

ያውቁ ኖሯል? አንበሳ መግደል በአባቶቻችን ዘመን የጀግና ማዕረግ ነበር፤ ገዳዩ ጎፈር ደፍቶ ይፎክር ነበር። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው።

ያውቁ ኖሯል? አንድ ጓድ መንጋ ይዞ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። አዲስ ወንዶች አሸንፈው ሲገቡ የቀድሞዎቹን ደቦሎች ይገድላሉ፤ እናቶቹ ቶሎ ዳግም እንዲፀንሱ ነው። ሁለት ወንዶች የሚጠብቁት መንጋ አንዱን በመርዝ ወይም በጥይት ሲያጣ፣ የቀረው ብቻውን ግዛቱን ለማስከበር ይቸገራል፤ እሱ ሲሸነፍም ደቦሎቹ ይገደላሉ።

ስለዚህ ላም ለተበላበት ከብት አርቢ የምንለው ይህ ነው፦ በተበላው ከብት ሬሳ ላይ መርዝ አይርጩ። ጥቂት ደርዘን አንበሳ ባለበት አገር አንድ አውራ መግደል የአንድ ትውልድ ደቦል መግደል ሊሆን ይችላል። ለከብት እሾህ አጥር ያለው ጠንካራ በረትና የሌሊት እረኛ ይበጃል። በኢትዮጵያ በኩል በገንዳ ውኃ፣ በሱዳን በኩል በካርቱም ያሉ ኃላፊዎች ቆጠራውንና ጥበቃውን በጋራ ይያዙት፤ በአንድ ወገን ብቻ የተጠበቀ አንበሳ ወሰን በተሻገረ ማግስት ጠባቂ የለውም።