የጀፎረው ጌቶች

በመስቃን ማለዳ ከዘቢዳር ተራራ የወረደው ጉም ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ሳይነሣ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ያጣፉ አንድ አባት ጤዛ ባረጠበው ሣር ላይ ከዘራቸውን እያሳረፉ ይመጣሉ። በየደጁ ሰላምታ ይጠብቃቸዋል፤ እሳቸውም ቆም እያሉ ይመርቃሉ። መንገዱ አጭር ነው፤ ሰላምታው ያረዝመዋል።

ጀፎረ ይሉታል፦ የጉራጌን መንደር ለሁለት ከፍሎ የሚዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና። ቤቶቹ ከግራና ከቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ መልሰው ይቆማሉ፣ እንሰቱ ከጓሮ። ሠርጉም ለቅሶውም ሽምግልናውም የመስቀል ጨዋታውም እዚያው ነው፤ ማንም አጥሩን ገፍቶ እንዳያጠበው ባህሉ ይከለክላል። ታላላቅ ከተሞች ለአረጋውያን የሚመች ጎዳና ለመንደፍ ባለሙያ ሲቀጥሩ ባየሁ ቁጥር፣ ይህን ውበት ያለ መሐንዲስ የዘረጉትን አባቶች አስባለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ በ3 ቀናት ሚዛን የሚያስጠብቅና ጉልበት የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል። ወጣ ገባ ባለው ሣር ላይ እግርን መርጦ መርገጥ፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ ምክር ሩቅ አይደለም። ድርጅቱ ስለ ጤናማ እርጅና ሲያወራም ከበሽታ ነጻ መሆንን ብቻ አያነሣም፤ ሰው የሚወደውንና የሚያከብረውን ነገር ማድረግ መቻሉን ያስቀድማል። እዚህ ያ ነገር ለቅሶ መድረስና ጎረቤት ማስታረቅ ነው።

እዚሁ መስቃን ያለችው ቡታጅራ የሰውን ዕድሜ በመዝገብ በመከታተልም ስም አላት። ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ10 ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። ያኔ በ40 ዓመታቸው የተመዘገቡ ጎልማሶች፣ በሕይወት ካሉ፣ ዛሬ 80ን የደፈኑ ወይም ወደዚያ የቀረቡ ናቸው።

እርግጥ ጀፎረው ብቻውን አይበቃም። ደም ግፊት ድምፅ የለውም፤ ሰው ደህና ነኝ እያለ ልቡንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ኪኒኑን በየቀኑ መዋጥ፣ ግፊትን መለካት፣ ጨውን በቀን ከ5 ግራም በታች ማድረግ የባለቤቱ የራሱ ሥራ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ይህን በየቀኑ ሊሠራለት አይችልም። ጨው ደግሞ በዚህ አገር ወጥ ውስጥ ብቻ አይገኝም፤ በገጠሩ ቡናም ጨው ጣል ተደርጎበት ይጠጣል። ክትፎና ቅቤን ስለ መቀነስ በቡታጅራ መናገር ድፍረት ስለሚጠይቅ፣ እሱን ለሐኪሞች ትቼዋለሁ።

አባት ከጉዟቸው ተመልሰው ከደጃቸው ዱካ ላይ አረፍ ብለዋል። ከጋቢያቸው ጫፍ የተቋጠረውን ኪኒን ፈትተው በውሃ ዋጡ። ጀበናው ከእሳቱ ወርዶ ሲኒው ሲሞላ፣ የልጅ ልጃቸው እንደ ልማዷ ጨው ይዛ ቀረበች። እጃቸውን ሲኒው አፍ ላይ አኖሩ።