ጣውላውን ከመንቀልዎ በፊት

በመርካቶና አካባቢው ባሉ አሮጌ ቤቶች የጣውላ ወለል ሲበሰብስ መቀየሩ ግድ ነው። ቤተሰቡ የሚጨነቀው ለእንጨትና ለአናጢ ዋጋ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በተነቀለው ጣውላ ላይ ተሰክቶ የቀረው ምስማር ነው።

ብዙዎች መንጋጋ ቆልፍን ወይም ቴታነስን የሚያመጣው ዝገት ይመስላቸዋል። በሽታ አምጪው ግን በአፈርና በእበት ውስጥ ለዓመታት መቆየት የሚችል ተህዋስ ነው። ምስማር ይዞት ጠልቆ ሲገባ፣ አየር በማይደርስበት ቁስል ውስጥ ይራባል። ስለዚህ ያልዛገ ምስማርም አይናቅ።

በአገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት የተጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ አባቶች ጨርሶ ያልተከተቡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት የመከተብ ዕድል ነበራቸው። ጣውላ የሚነቅሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ ናቸው።

ከተወጉ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ይጠቡ። ቡና መነስነሱና ነጭ ጋዝ ማፍሰሱ ይቅር። ሕመሙ ቀለለ ብለው ሳይዘናጉ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ በሽታው ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከ3 እስከ 21 ቀናት ውስጥ ነው። መንጋጋ ከያዘ፣ መዋጥ ካቃተ ወይም አንገት ከተገተረ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ተከትቦ ለማያውቅ ሰው አንድ መርፌ አይበቃም፤ ሁለተኛው ከ4 ሳምንት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ 6 ወር ቆይቶ ይሰጣል።

ከጣውላው ሥር የአይጥ ኩስና ሻጋታ አይጠፋም። ውኃ ሳይረጩ አይጥረጉ፤ አስም ያለበትን ሰው ለዚያ ቀን ጎረቤት ያሳርፉ። አሮጌውን ጣውላ ለምናለሽ ተራ ከመሸጥዎ በፊት ምስማሩን ይንቀሉለት። ቀለም የተቀባውን ወይም የተቃጠለ ዘይት የጠጣውን ግን ለማገዶ አያድርጉት።