ዶሜይካይት፦ መዳብና አርሴኒክ ያዘለ ማዕድን በማይክሮስኮፕ እንዴት ይለያል?

ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ የሚታዩት የእንጦጦ ተራሮች ትራካይት፣ ራዮላይትና ባዛልትን በመሳሰሉ የእሳተ ገሞራ ዐለቶች የተገነቡ ናቸው። በየካ የሚገኘው የዋሻ ሚካኤል ውቅር ቤተ ክርስቲያንም የተፈለፈለው ከእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። በእነዚህ ዐለቶች ስብርባሪ ላይ በፀሐይ የሚያብለጨልጩት ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ የፌልድስፓር ክሪስታሎች እንጂ የብረታ ብረት ማዕድን አይደሉም። ስለሆነም ማብለጭለጭ ብቻውን የማዕድንን ማንነት አያረጋግጥም።

በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ከሆኑት ማዕድናት አንዱ በቺሊና በአሜሪካ ሚሺገን ግዛት የሚታወቀው ዶሜይካይት ነው። ከክብደቱ 72 በመቶ ያህሉ መዳብ፣ 28 በመቶ ያህሉ ደግሞ አርሴኒክ ነው። አዲስ ሲሰበር ነጭ ወይም ግራጫ ሲሆን፣ አየር ሲያገኘው ወደ ቢጫና ቡናማ ይለወጣል። በዚህም ምክንያት ከሌሎች ማዕድናት ጋር በቀላሉ ይምታታል።

የተለመዱት የዐለት ማዕድናት 0.03 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሳሱ ብርሃን ያሳልፋሉ። ዶሜይካይት ግን ብርሃን ስለማያሳልፍ የሚመረመረው ከላይ አርፎበት በሚንጸባረቅ ብርሃን ነው። ናሙናው በሙጫ መሰል ማያያዣ ውስጥ ተቀብሮ ከተሞረደ በኋላ፣ ደረጃ በደረጃ እየደቀቀ በሚሄድ ዱቄት እንደ መስተዋት እስኪጠራ ይወለወላል። የተወለወለው ገጽ ቀለሙን ቶሎ ስለሚለውጥ ምርመራው ሳይዘገይ መከናወን ይኖርበታል።

በማይክሮስኮፑ ሲታይ ንጹሕ መዳብ ወደ ሮዝ ያደላል፤ ዶሜይካይት ግን ነጣ ያለ ነው። በሁለት ተሻጋሪ የፖላራይዘር ማጣሪያዎች መካከል ናሙናው ሲሽከረከር ዶሜይካይት ጨለማነቱን ይጠብቃል። ሌላው የመዳብና የአርሴኒክ ማዕድን አልጎዶናይት በአንጻሩ ብሩህነቱን ይቀያይራል። አርሴኖፓይራይትም ነጭ ቢሆንም፣ በጥንካሬው እና ሲሽከረከር በሚያሳየው የቀለም ለውጥ ይለያል። የመጨረሻው ማረጋገጫ የሚገኘው ግን በኤክስሬይና በኬሚካዊ ትንተና ነው።

ልየታው የጤና ጉዳይም ነው። አርሴኒክ ያዘለ ድንጋይ በእሳት ሲጋይ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ያለው መርዛማ ጭስ ያወጣል። ስለዚህ ማንነቱ ያልታወቀ አብለጭላጭ ድንጋይ ያገኘ ሰው በቤቱ ከመፍጨት፣ ከማቅለጥና ሽታውን ከመሞከር ተቆጥቦ፣ የተገኘበትን ስፍራ በመመዝገብ ናሙናውን ወደ ጂኦሎጂ ቤተ ሙከራ ማድረስ ይኖርበታል።